የባቄላው መንደር

ቢቸና ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ተከፍቶ ስገባ ቦታውን መጀመሪያ ያወቀው ዓይኔ ሳይሆን አፍንጫዬ ነው፤ ነቀዝ የበላው ባቄላ፣ ያረጀ ጆንያ፣ ከዚያ ደግሞ የብዙ ሰው ላብ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ለነፋስ የተተወች አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ የምትገባው ብርሃን ጠዋት ግራው ግድግዳ ላይ ትቀመጥና ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኙ ትዛወራለች። እኛም ልብሳችንን አውልቀን ቅማል ለመልቀም አብረናት እንዞራለን።

ወንጀሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማኅበራዊ ጥናት ረዳት መምህር ነበርኩ። የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ወደዚያ አካባቢ ሲደርስ የገበሬውን ኑሮ እንዳጠና ተልኬ መጣሁ። ከቤት ቤት እየዞርኩ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ፣ ከብታቸው የት እንደሚውል፣ ሲቸግራቸው ማን ደጅ እንደሚሄዱ ስጠይቅ ከረምኩ። ከዚያ አውራጃው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ አስተያየት ያለው ሲባል የዋህ ነኝና እጄን አወጣሁ።

«ሕዝቡን ከማንሣታችን በፊት ኮምፒዩተር ውስጥ እናንሣው» አልኩ። «እዚያ የሚሆነውን አይተን ብንወስን ይሻላል።»

አንዱ ካድሬ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ከአብዮቱ በላይ የሚያውቅ መኪና አለ ማለትህ ነው፣ ጓድ?» አለኝ። መልሱን ሳሰላስል ሁለት ታጣቂዎች ከኋላዬ ቆመው ነበር።

ክፍሉ በሰው የተሞላ ቢሆንም ጥግ የተጋራሁት ከሦስት ሰዎች ጋር ነው። አንዱ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። አንድ ተማሪያቸው የዘረፈው ቅኔ መንግሥትን ነካ ተብሎ መምህሩ ገቡ። ሁለተኛው የደጀን እህል ነጋዴ ነው፤ ጤፍ ደበቅህ ተብሎ የታሰረ። «እኔን እንደሆነ ከሙያዬ አላወጡኝም፤ ያሰሩኝ መጋዘን ውስጥ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ሲቀመጡም ጀርባቸው ግድግዳ አይነካም።

የሽማግሌው አገር ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት ነው። ምንጩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መቃብሩም እዚያው ላይ ነው። ዘመቻው ደግሞ ቤቶቹ ሁሉ ፈርሰው ከታች ሜዳው ላይ በመስመር እንዲሠሩ አዟል። አገሬው የሽማግሌውን ቃል ይጠብቃል። እሳቸው ዝም ስላሉ ታሰሩ። ከሳምንታት በኋላ በሚውለው ቅዳሜ ሕዝቡ ፊት ቆመው «መልካም ነው፣ ፈቅደናል» ካሉ ከዚያው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ተነግሯቸዋል። ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

አንድ ቀን ብርሃኗ ግራው ግድግዳ ላይ ሳለች ወደ እኔ ዞረው፣ «ያ ያሳሰረህ መኪና ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ይፈጫል» አለ ነጋዴው።

«አይፈጭም» አልኩ። «መንደር ይሠራል፤ በሐሳብ። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ሲያጋጥመው እንዲህ ያደርጋል ብለን እንነግረዋለን። ከዚያ ደህናውን ዓመትና ክፉውን ዓመት እያፈራረቀ ያኖራቸዋል። ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ያኖራቸውና የሚበዛው የቱ እንደሆነ ያሳያል።»

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ምሳሌ ነዋ!»

«ምሳሌ ነው፣ የኔታ። ግን የሚራመድ ምሳሌ ነው።»

ሽማግሌው፣ «እንግዲያ የኔን አገር አኑርልኝ» አሉ።

መኪናው አዲስ አበባ እንደሆነ፣ አንድ ክፍል ሙሉ እንደሚይዝ፣ እሱ በአንድ ጠዋት የሚሠራውን እኛ በእጃችን ብንሞክር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። ነጋዴው ሳቀ። «ታዲያ እኛ የምንቸኩልበት ቀጠሮ አለን?» አለ።

«ስማኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ነገሩ ከፍቶኛል። ግን ሌቱንም ቀኑንም የማስበው ይኼንን ነው፤ እውነት ክፉ ነው ወይስ እኔ ስላረጀሁ አጥሬን ወድጄ ነው? መልካም ከሆነ ለምን አገሬን አስቸግራለሁ? ክፉ ከሆነ ደግሞ በኔ ቃል አይነሡ። ይኼንን ብቻ አሳውቀኝ።»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ የምርምር ጥያቄ ያቀረበልኝ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጀመርን።

ባቄላው እዚያው ነበር፤ ጥቂት በቆሎም አብሮት። ከወለሉ ስንጥቅ በጣታችንና በእንጨት ስንጥር እየቆፈርን አወጣነው፤ የጠነከረ፣ ነቀዝ የበሳው። ባቄላ ቤት ሆነ፣ በቆሎ ከብት ሆነ። በከሰል ሁለት መንደር ሣልን፤ አንዱ ተዳፋቱ፣ አንዱ ሜዳው። ከተሰበረ እንሥራ ሁለት ገል አገኘን፤ የገሎቹን አንድ ጎን በከሰል አጠቆርን። ሁለቱም በጥቁር ከወደቁ ክፉ ዓመት ነው፤ አለዚያ ደህና። ሽማግሌው ከባቄላዎቹ አንዲት ጠቃጠቆ ያለባት መርጠው፣ «ይቺ የኔ ቤት ናት» አሉና ከምንጩ አጠገብ አስቀመጧት።

ስለ ሜዳው ጠየቅኳቸው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ከብት እስከ ሆዱ ይሰምጥበታል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ውሃ የለውም። ሴቶቹ እንሥራ አዝለው ተመልሰው ወደ ላይ ወደ ምንጩ ይወጣሉ። ከብቱም ለመጠጣት ይወጣል፤ በክፉ ዓመት ወጥቶ ለመመለስ ጉልበት የለውም። ይኼን ሁሉ ሕግ አደረግነው፤ በክፉ ዓመት ተዳፋቱ ላይ ካለ ቤት አንድ በቆሎ ይነሣል፣ ሜዳው ላይ ካለ ሁለት።

ጠቡ የመጣው ሰው ምን ያደርጋል በሚለው ነው።

«ከብቱ ያለቀበት ይሄዳል» አለ ነጋዴው። «ግንደወይን አማቱ ጋ ይጠጋል፣ ካልሆነም ደጀን መጥቶ ይሸከማል። ስንቱን አይቻለሁ።»

«የአባቱን መቃብር ጥሎ?» አሉ የኔታ። «አይሄድም። ተበድሮም፣ ለምኖም ይቀመጣል።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ። «አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቤት ገል እንጣልለት።» ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎረቤቶቹ የሄዱበት ሰው ብቻውን አይቀርም። በሬ ማን ያበድረዋል? ሬሳውንስ ማን ያነሣለታል? ይኼንንም ጨመርነው።

ከዚያ መጣል ጀመርን፤ ዓመት ከዓመት፣ ቀን ከቀን። ተዳፋቱ ላይ ክፉ ዓመት ሲመጣ መንደሩ ይከሳል፤ ደህና ዓመት ሲመጣ ያለው ለሌለው እያበደረ መልሶ ያገግማል። ሜዳው ላይ ግን የሚያስፈራ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይሆንም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቤቶቹ በመስመራቸው እንደቆሙ ናቸው፤ የሚያይ ሁሉ ዕቅዱ ተሳካ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ከዚያ አንድ ክፉ ዓመት፣ ከዚያ አንድ ቤት ይነሣል። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በኋላ በአንዴ ነው፤ ባቄላዎቹን ከወለሉ ለማንሣት እጃችን አይደርስም።

ሁልጊዜ አይደለም። ደህና ዓመቶች ተከታትለው የወጡ ጊዜ ሜዳው የቆመበት አለ፤ ይኼንንም አልደበቅኋቸውም። የሚበዛው ግን ባዶ ወለል ነበር። ሽማግሌው ጠቃጠቆዋን ባቄላ በያንዳንዱ ጊዜ በገዛ እጃቸው ነው የሚያነሷት።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ቤቱ ይውረድ፣ ከብቱ ግን ከላይ ምንጩ ዘንድ ይቅርስ?» አልኩ። ሞከርነው። ቆመ። ደገምነው፤ ቆመ። በክፉ ዓመትም ጥቂት ቤት አጥቶ ቆመ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነጋዴውን አቀፍኩት። እስር ቤት ውስጥ፣ ቅማል እየበላኝ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው አልቆየም። ክፍሉ ውስጥ ወሬ ገብቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ጠጠር ጣይ አለ የሚል። በዚያ አገር ጠጠር ጥሎ የሰው ዕጣ የሚናገር ጠንቋይ አይጠፋም፤ እኛም ከማለዳ እስከ ማታ ገል ስንጥል ስለሚያዩን አልፈርድባቸውም። አንድ በአንድ እየተነሡ መጡ። «ለኔም ጣልልኝ፤ መቼ ነው የምፈታው?» የበሩ ዘበኛ ሳይቀር በሽንቁሩ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ይልኩኛል ወይ?» አለኝ። አላውቅም ስለው ሌላ ጊዜ የሚያቀብለንን ውሃ ሳይሰጠን ዋለ።

አንዱ ግን ልቤን ሰበረው። ወንድሙ ተጠርቶ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። ከፊቴ ተንበረከከና፣ «አለ ወይስ የለም? ይኼንን ብቻ» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ይኼ ስለ ብዙ ሰው ነው የሚያውቀው» አልኩት። «ስለ አንድ ሰው አያውቅም።»

ባቄላዎቹን አያቸው። «ታዲያ ምን ይረባል?» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ጠንቋይ ብትሆን ኖሮ ዋሽተህ ታጽናናው ነበር» አሉኝ የኔታ፣ በኋላ። «አንተ እሱንም አልታደልክ።»

ወሬው ከክፍሉ ወጥቶ ካድሬው ዘንድ ደረሰና አስጠራኝ። አዳራሽ ውስጥ የጠየቀኝ ያው ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፤ ሲጋራም ጋበዘኝ። የምንጥለውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አላሾፈም። «የጎረቤቱን ነገር እንዴት አስገባችሁት?» አለኝ። «መነሻውን ብትቀይሩትስ፣ ውጤቱ ይለወጣል?» ውጭ አገር የተማረ ሰው ነበር፤ ገብቶታል። የሚገባው ሰው በማግኘቴ ለቅጽበት የት እንዳለሁ ረሳሁ።

«ጓድ» አልኩት፣ «ባቄላ ቢበተን ይለቀማል። ለዚህ ነው አስቀድሞ በእሱ መሞከሩ የሚያስፈልገው። ከብቱ ከላይ ይቅር ብቻ በሉ፤ ቤቱ ይውረድ።»

ሲጋራውን ጨርሶ አጠፋው። ከዚያ፣ «ልክ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

«ዕቅዱ ግን ከላይ ነው የመጣው። ቤቱም በመስመር፣ ከብቱም አብሮ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ የለ አባቶቻችን?» ፈገግ አለ። «ሽማግሌው ያምንሃል። ገሉን ጣልና መልካም ወጣ በለው። ቅዳሜ ይናገራል፤ እሱ ወደ ሚስቱ፣ አንተ ወደ ዩኒቨርሲቲህ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ጓድ።»

«እውነቱን ብትነግረውስ ምን ይለወጣል? መንደሩ እንደሆነ ይነሣል። የሚለወጠው የሽማግሌው መኝታ ብቻ ነው።»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ዛሬም አላገኘሁለትም።

ተመልሼ ለሦስቱም የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው፤ የተገባልኝን ቃል ጭምር። ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልክ ነው አለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልክ ሳትሆን አትቀርም አለኝ።»

«እንግዲያ ማርጀቴ አይደለም» አሉ። ትከሻቸው ላይ የነበረ ነገር የወረደላቸው ይመስላሉ፤ እኔ ግን የባሰ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኗ ቀኙ ግድግዳ ላይ እንደደረሰች ካድሬው ራሱ መጣ። ባቄላው ሜዳው ላይ በመስመር ተደርድሮ ነበር። «እህ፣ ምን ወጣ?» አለኝ፣ ሽማግሌው እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ገሎቹን በሁለት እጄ ይዤ ዘረጋሁለት።

«እርስዎ ይጣሉት፣ ጓድ» አልኩ።

ሁሉም ሰው ያየው ነበርና እንቢ ማለት አልቻለም። ቁጢጥ ብሎ ጣለ። ደህና ዓመት። ደግሞ ጣለ፤ ደህና። «አዩ አባቴ?» አለ እየሳቀ። ሦስተኛው ክፉ ወጣ፣ አራተኛውም። የኔታ በቆሎውን ያነሣሉ፤ ሽማግሌው ባቄላውን በሁለት ጣታቸው እያነሡ ከመስመሩ ውጭ ያስቀምጣሉ። በመጨረሻ ጠቃጠቆዋን አነሡ። ሜዳው ባዶ ሆነ።

«እንደገና» አለ ካድሬው። ደረደርን። ጣለ። አሁን አይስቅም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ገሎቹን በመዳፉ እያሸ ነው የሚጥለው። ደህናው ዓመት ሲመጣለት እንደ ማንኛችንም ትንፋሹ ይወጣል። እንደገና ባዶ ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ደረደርን። ገሎቹን ያዘ፤ አልጣለም። ተነሣና በጫማው ጠረገው። ባቄላው በየሰው እግር ሥር ተበተነ፤ ካድሬው ግን አልወጣም።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ አጣፍተው ተንበረከኩ። አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። እሳቸውን አይቶ ሌላ የተንቀሳቀሰ የለም፤ ሰው እግሩን ብቻ እያነሣ ያሳልፋቸዋል። ወንድሙ የጠፋበት ሰው እግሩ ሥር የገባችውን አንስቶ አቀበላቸው።

«የቸኮለችስ ያፈሰሰችውን ራሷ ለቀመች» አለ ነጋዴው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ካድሬው ሰማው።

ሽማግሌው ባቄላውን በእፍኛቸው ይዘው ወደ እኔ ቀና አሉ። «የኔ ቤት የት ነበረች?» አሉኝ። ተዳፋቱን፣ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ቦታ አሳየኋቸው። ጠቃጠቆዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው እዚያ አስቀመጧት። ካድሬው ያን ጊዜ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌውን ሊወስዷቸው መጡ። ከሚጠጣው ውሃ ድርሻቸውን ወስደው ፊታቸውን ታጠቡበት። የኔታን ተሳለሙ፤ ለእኔ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ምን ሊሉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መሄድና ዝም ብለው መፈታት እንዲችሉ ከልቤ ተመኘሁ፤ እውነቱ ይኼ ነው። በዚያው ሳምንት እኔን በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ወሰዱኝ። በመንገዳችን ተዳፋቱን ፈልጌ ነበር፤ ሸራው ግን ታስሮ ስለነበር አቧራ እንጂ ሌላ አላየሁም።

ሞጣ እስር ቤት ከከረምኩ በኋላ ከዚያው አገር የመጣ አንድ እስረኛ ነገረኝ። ሽማግሌው ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ «ተነሡ ተብላችኋል፣ ትነሣላችሁ። እኔም መልካም ነው በል ተብያለሁ፤ እሱን አላልኩም» አሉ። መልሰው አሰሯቸው። መንደሩም በዚያው በጋ ተነሣ። ሁለት ዓመት ደህና ነው ተባለ፤ የተሳካ መንደር ተብሎ እንግዳ ሁሉ ይጎበኘው ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቀረ። እኔ ተፈትቼ አዲስ አበባ ሆኜ ስሰማው፣ ባቄላው ወለል ላይ እንዳደረገው አደረገ ማለት ብቻ ነው የምችለው። ልክ ነበርን። ልክ መሆናችን ለማንም አንድ ጣሳ ውሃ አልሆነም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ግን አስተምራለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ የማኅበረሰብ ጥናት በኮምፒዩተር መንደር መሥራቱን አይወዱትም። «ሰው ባቄላ አይደለም» ይሉኛል፤ ይኼን ታሪክ ሳያውቁ። እውነታቸውን ነው፣ አይደለም። አስቀድሞ በባቄላ የሚሞከረውም ስለዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያ መንገድ አለፍኩ። ቤቶቹ ተዳፋቱ ላይ ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት ተመልሰው ወጥተዋል። ሜዳው ላይ በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ ብቻ ቀርቷል። አውቶቡሱ ሰው ሲያወርድ ወርጄ ስለ ሽማግሌው ጠየቅኩ። አንዲት ሴት፣ «እሳቸውማ ሳይመለሱ ቀሩ» አለችኝ።

ተማሪዎቼ እኛ ስንት ቀን የፈጀብንን ሥራ እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ እስክጠጣ ድረስ በኮምፒዩተር ይጨርሱታል። መንደሩ ባዶ ሲሆንባቸው አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወዲያው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ያቺን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ትምህርቴን አቆማለሁ። ሁሉም ገብተው እስኪያልቁ አያለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ።